ዘይት የሚያፈስን የሣር ማጨጃ ሞተር በጥቂት ወጪ ስለ ማደስ

ሰፊ ግቢ ያላቸው ሆቴሎችና የንግድ ቤቶች የሣር ማጨጃ መኪናቸው ዘይት ማፍሰስ በጀመረ ጊዜ አሮጌውን ጥለው አዲስ ለመግዛት ይቸኩላሉ። ነገር ግን የሞተሩ ጉልበት እስካልደከመ ድረስ ማፍሰሱ ብቻውን ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት አይደለም።

አስቀድሞ የሚገባው ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ውጭውን በላምባ ማጠብ፣ ፈጽሞም ማድረቅ፤ ከዚያም ሽቦውን መልሶ ጥቂት አስነሥቶ ርጥበቱ ከየት እንደሚጀምር መመልከት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ጎን፣ በቫልቮላዎቹ ክዳን ላይ፣ የውስጡ አየር የሚተነፍስበት ትንሽ መሣሪያ አለ። ይህ መተንፈሻ በቆሻሻ ከተደፈነ በውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱ ደኅናውን ማገጃ ሳይቀር አልፎ ይወጣል። ይህን ሳያጸዱ የዘይት ማገጃውን የጎማ ቀለበት የሚለውጡ ሰዎች ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። እንደዚሁም ምላጩ ከድንጋይ ተጋጭቶ ዘንጉ የተጣመመ እንደ ሆነ አዲስ ቀለበት አይበረክትም፤ እንዲህ ያለውን ሞተር ለመለዋወጫ ማስቀረት ይሻላል።

ጓርኒሲዮኑን ከቅጠሉ ላይ በመቀስ ቆርጦ ማዘጋጀት ወጪ ይቀንሳል። ሆኖም የታችኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ውፍረት የዘንጉን የቁመት ንቅናቄ ስለሚወስን እንደ አሮጌው ልክ መሆን አለበት፤ በብዙ አሮጌ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች ይህ ንቅናቄ ከ0.05 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ግን ሙቀትንና የፍንዳታን ኀይል የሚችል የፋብሪካ ሥራ ይሁን፤ በዚህ ላይ መቆጠብ ኪሣራ ነው። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የአሉሚኒየም ሞተር ለገበያ ስላቀረበና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ከዚሁ ማዕድን ስለ ሆኑ፣ የተጣበቀውን አሮጌ ጓርኒሲዮን በብረት ቢላዋ መፋቅ ፊቱን ይቧጭረዋል፤ የተሳለ እንጨት ይበቃል።

አዲሱ ቀለበት ሲገባ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዞራል። በዘንጉ ላይ ያለው የቁልፍ ቦይ ከንፈሩን እንዳይቈርጠው በቀጭን ፕላስቲክ መሸፈን፣ ጎማውንም ዘይት መቀባት ይገባል። የቴስታታው ቡሎኖች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመስቀል አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ።

በመጨረሻም ፋብሪካው ያዘዘው ዘይት፣ ለአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች ኤስ ኤ ኢ 30፣ እስከ ምልክቱ ብቻ ይሞላል። ከምልክቱ ያለፈው በመተንፈሻው በኩል ስለሚወጣ ደኅናውን ሥራ የተበላሸ ያስመስለዋል።