ያውቁ ኖሯል? ባክቴሪያዎች ተነጋግረው መርከብ ያዘገያሉ

ባክቴሪያዎች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ያውቁ ኖሯል? መነጋገሪያቸው ኬሚካል ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ መልእክቱን ወደ ውጭ ይለቃል። ቁጥራቸው በርክቶ መልእክቱ ሲጠራቀም ሁሉም በአንድነት ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ ብዙዎቹም ተጣብቀው የሚኖሩበትን ዝልግልግ ሽፋን ያበጃሉ።

እንደ ጅቡቲ ባለ ወደብ የሚቆም መርከብ ሆዱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ይኸው ሽፋን ነው። ቀጥሎ አልጌና ቅርፊት ለባሽ እንስሳት ይለጠፉበታል። ያኔ መርከቡ ይከብደዋል፤ ነዳጅም አብዝቶ ይበላል።

በመርከብ ላይ ብቻ ሳይሆን በኮራል ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ይነጋገራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የሌሎችን መልእክት የሚያውክ ኬሚካል ያመነጫሉ። ዴሊሲያ ፑልክራ የተባለው የአውስትራሊያ ቀይ የባሕር አልጌም ፊዩራኖን በተባሉ ኬሚካሎች የባክቴሪያዎችን ንግግር ያቋርጣል።

ቀድሞ መርከቦች አልጌና እንስሳት እንዳይለጠፉባቸው ይቀቡት የነበረው ትሪቡቲልቲን ያለበት መርዛማ ቀለም ኦይስተርንና የባሕር ቀንድ አውጣን ክፉኛ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከልክሎታል። ተመራማሪዎች ዛሬ ባክቴሪያዎቹን ሳይገድሉ ንግግራቸውን ብቻ የሚያቋርጥ ቀለም ለመሥራት እየጣሩ ነው።