ለሕፃናትና ለቤተሰብ የሚቆም ሙያ፦ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ወላጆቹን ያጣ ወይም ቤቱን ጥሎ ከተማ የገባ ሕፃን ዕጣ በዘመድ ርኅራኄ፣ በእድርና በሃይማኖት ተቋማት እርዳታ፣ በበጎ አድራጊ ድርጅቶችም አቅም ሲወሰን ኖሯል። ይህ ድጋፍ ብዙዎችን ያተረፈ ቢሆንም፣ የአንድን ሕፃን ጉዳይ ከመነሻው እስከ መፍትሔው ተከታትሎ የሚይዝና ለሚሰጠው አስተያየት በሙያው ተጠያቂ የሚሆን ሰው ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልገዋል። ይህ ትምህርት ማኅበራዊ ሥራ ወይም በተለምዶ ሶሻል ወርክ የሚባለው ሲሆን፣ በሀገሪቱ ያለው ታሪክ በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል የተቋረጠ በመሆኑ የዛሬው ጉድለቱ ከዚያ ክፍተት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የመጀመሪያው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአዲስ አበባ ተከፍቶ፣ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቅሪቱ ከሶሲዮሎጂ ትምህርት ጋር ተቀላቀለ። ሶሲዮሎጂ ኅብረተሰብን የሚያጠና ሳይንስ ሲሆን፣ ማኅበራዊ ሥራ ደግሞ ያንን ዕውቀት ይዞ ወደ አንድ ቤተሰብ ደጃፍ መሄድና ከቤተሰቡ ጋር መፍትሔ መፈለግ የሚለመድበት ሙያ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የተጎዳው የተግባሩ ክፍል ነው። ጉዳቱን ያከበደው ደግሞ ጊዜው ነበር። በጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች በአላጌ የተቋቋመው ሕፃናት አምባ፣ የ1984ና የ1985 ረሃብ፣ ቀጥሎም ኤች.አይ.ቪ. ኤድስ ያስከተለው የወላጅ እጦት፣ ሁሉም የደረሱት ሙያው የራሱ ትምህርት ቤት ባልነበረው ዘመን ነው።

ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው በ2004 ሲሆን፣ በአሜሪካ ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የቺካጎ ቅርንጫፍ ጋር በተደረገ ትብብር በቅድሚያ የተከፈተው የማስተርስ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶም የዶክትሬት መርሐ ግብር ነበር። አስተማሪ ሳይኖር ተማሪ መቀበል ስለማይቻል ከላይ መጀመሩ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም በየወረዳው ሕፃናትን በቀጥታ የሚያገለግሉት የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቃን ከጎንደርና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መውጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ ሙያው ዘግይቶ ወደ ሕዝቡ ደርሷል።

በዚህ ዘርፍ የሚሰለጥን ተማሪ የሕፃናትን አካላዊና ሥነ ልቡናዊ ዕድገት፣ የቤተሰብን አኗኗር፣ እንዲሁም ሕጉን ይማራል፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ትምህርቱ የሚፈተነው ግን በመስክ ልምምድ፣ ማለትም ተማሪው በተቋም ውስጥ ተመድቦ በባለሙያ ክትትል እየሠራ በሚማርበት ጊዜ ነው። ልጁን ከመጠየቅ በፊት ልጁ እስኪያምን መጠበቅ፣ ድህነትን ከቸልተኝነት ለይቶ ማየት፣ የሰሙትን ምስጢር መጠበቅ፣ ምስጢሩ የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን ደግሞ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ በንግግር ብቻ አይለመዱም። ድህነትንና ቸልተኝነትን የማይለይ ሠራተኛ፣ ጥቂት የገንዘብ ድጋፍ ቢያገኝ ልጁን ሊያሳድግ የሚችለውን ቤተሰብ ሊበትን ይችላል።

የዚህ ስሕተት ክብደት በውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ታሪክ በግልጽ ይታያል። በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ የሄዱ ሲሆን፣ ልጆቻቸው አድገው እንደሚመለሱላቸው አምነው የፈረሙ ወላጆች መኖራቸው በኋላ ይፋ ወጥቷል። ለእነዚህ ወላጆች የፊርማውን ትርጉም በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ ልጁን በዘመድ ዘንድ የማቆየት ዕድል መኖሩንም አስቀድሞ የሚያጣራ ባለሙያ የግድ ያስፈልጋቸው ነበር። በ2018 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው ግን ሥራውን አልቀነሰውም፣ ይልቁንም ወደ ሀገር ውስጥ መለሰው። ልጁን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድገው አደራ ቤተሰብ ማግኘት፣ የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻንም ማመቻቸት፣ ሁሉም ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናትና ከምደባ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ክትትል ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ለተማሪዎች የሚያስፈልገው የመማሪያ ክፍል ብቻ አይደለም። የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የዘርፉን የሥራ መደቦች ለሠለጠኑ ማኅበራዊ ሠራተኞች ቅድሚያ ሰጥተው ሊይዙ፣ አንድ ሠራተኛ የሚይዛቸው ጉዳዮችም እያንዳንዱን ልጅ በአካል ሊያይ በሚችልበት ልክ ሊወሰኑ ይገባል። ልምድ ያለው ባለሙያ በሌለበት ጽሕፈት ቤት የሚመደብ ተለማማጅ መዝገብ አደራደርን ተምሮ ይመለሳል እንጂ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር መነጋገርን ሊማር አይችልም፤ በመሆኑም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከመላካቸው በፊት የመስክ ተቆጣጣሪዎችን ማሠልጠንና ለድካማቸው ተገቢ ክፍያ መመደብ ይጠበቅባቸዋል።