ቆጣሪው 50 ሲል መንገዱ 56 መሰከረ

ከጉለሌ አዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ጋራ ትከሻ በማቋረጥ ወደ ሱሉልታ የሚዘልቀው የጎጃም መንገድ ገበሬው ከከተማው የሚገናኝበት መንገድ ነው። ጭነት የያዙ አህዮች ይነዱበታል፤ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዱበታል። ከእነዚህ መካከል እየተሽሎከለከ የሚሄደው ሞተር ብስክሌት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም፣ የከብት ሐኪሙም፣ የማኅበር ወተት አመላላሹም ይገለገሉበታል።

በዚሁ ቁልቁለት ላይ የአንድ ወተት ማኅበር ሞተር ብስክሌት ጭነት የያዘች አህያ ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ ወጣቱ ሞተረኛ «ቆጣሪውን እያየሁ ነበር፤ ከ50 አላለፍኩም» አለ። የአህያዋ ባለቤት ደግሞ «እንደዚያ ሲበር የመጣ ሰው 50 ነበርኩ ይለኛል!» በማለት ተከራከሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ አግኝተው «ልጄ፣ ሞተረኛውን እኛው ነን ያሳደግነው፤ ውሸት አያውቅም። ይህ ብረት ግን ይዋሽ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ባለ ቀስት ፍጥነት ቆጣሪ ከፊት ጎማ መሐል በሚነሳ ገመድ ይሠራል። ጎማው ሲዞር ገመዱ በቆጣሪው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ቆብ ሳይነካው አብሮት እንዲዞር ይስበዋል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀስቱ የሚቆመው ሁለቱ ኃይሎች በተመጣጠኑበት ቁጥር ላይ ነው። ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1902 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል።

እንግዲህ ቆጣሪው መንገዱን አያይም፤ የሚያውቀው የጎማውን ዙር ብቻ ነው። ጎማው ሲያልቅ ወይም ነፋሱ ሲጎድል በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ስለሚያጥር ቆጣሪው ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ከፋብሪካው ልክ የበለጠ ጎማ ሲገጠም ግን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። አደገኛው ይህኛው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ በተወሰነ መጠን ማብለጥ እንደሚችል፣ ማሳነስ ግን ፈጽሞ እንደማይፈቀድለት ይደነግጋል። የእንጦጦ ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ቆጣሪውን አያሳስትም።

ክርክሩን ለመፍታት የማኅበሩ ኮሚቴ ለመሬት ልኬት የሚያገለግለውን የ50 ሜትር መለኪያ አወጣ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ዳር 20 ጊዜ ዘርግቶ 1 ኪሎ ሜትር ለካ። በሁለቱም ጫፍ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተቀመጠ። ሞተረኛው የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ከመድረሱ በፊት ቀስቱን 50 ላይ አድርሶ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ነዳ። ሰዓቱን የያዘው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው፤ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከመንገድ መነሳት የለበትምና። በሄዱበት ተመልሰውም ደገሙት። ውጤቱ 64 ሴኮንድ ሆነ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 3,600ን አንድ ኪሎ ሜትር በፈጀው ሴኮንድ ማካፈል ይበቃል። 3,600 ለ64 ሲካፈል 56 ይሆናል። ቆጣሪው 50 ሲል ሞተሩ በእውነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ምክንያቱም ተገኘ። የፊት ቸርኬው ተሰብሮ በ18 ኢንቹ ፋንታ ባለ 21 ኢንች ተገጥሞለት ኖሯል።

6 ኪሎ ሜትር ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ሞተሩ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ50 ወደ 56 ሲወጣ የመቆሚያው ርቀት በሩብ ያህል ይረዝማል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። ይኸው ሞተር ቆጣሪው 80 ሲል በእውነቱ 90 ይሄዳል፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ማለት ነው።

«ታዲያ ቆጣሪው ካሳሳተ በዓይኔ እገምታለሁ» የሚል አይጠፋም። ዓይን ግን ከቆጣሪው የባሰ ያሳስታል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት የነዳ ሰው ፍጥነቱን ይለምደዋል። ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ጥቂት ቢቀንስ በጣም የቀነሰ ይመስለዋል። መንገዱ ግን እዚያው ጠቦ ሰው የሚበዛበት ነው። እግረኛውና አህያ ነጂውም ይሳሳታሉ። ሞተር ብስክሌት ከፊት ሲታይ ትንሽ ስለሆነ የራቀና የዘገየ ይመስላልና።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ መሪዎች የሚከተሉትን ቢያስፈጽሙ ይበጃል። ጎማ ወይም ቸርኬ ሲለወጥ ልኩ ከፋብሪካው ልክ ጋር ይመሳከር። ማንኛውም የማኅበር ሞተር ከላይ በተገለጸው መንገድ ይለካ፤ በእውነተኛ ፍጥነት 1 ኪሎ ሜትር በ40 የሚሄድ በ90፣ በ50 የሚሄድ በ72፣ በ60 የሚሄድ በ60 ሴኮንድ ይፈጃል። የሳተላይት አቅጣጫ መቀበያ ያለው የእጅ ስልክም በቀጥታ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። የተገኘው ልዩነት ተጽፎ ከቆጣሪው ሥር ይለጠፍ። በትልቅ ጎማ የተነሳ የተጓዘው ኪሎ ሜትርም አንሶ ስለሚመዘገብ የነዳጅ ሒሳብ ሲመረመር ይታሰብበት።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ልጁ እንዳልዋሸ፣ የአህያዋ ባለቤትም እንዳልተሳሳቱ ተረዱ። የአህያዋን ካሳ ማኅበሩ ከፈለ፤ ሳይለካ ቸርኬ ያስለወጠው እርሱ ነውና። ልጁም ቁልቁለቱን በዝግታ ለመውረድ ቃል ገባ። ሊቀ መንበሩም «መሬቱን ስንለካ ሞተሩን ረስተነው ነበር» ብለው መለኪያውን ጠቀለሉ።