የአምስት ደቂቃ ዕድሜ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ጌም» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ምድር ወለል ላይ ያለውን ጌም ቤት ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ፣ ከኋላቸው ተራ ጠባቂዎች ይቆማሉ፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። እናቶች ይህን ቤት አይወዱትም፤ ትምህርት ያስጥላል፣ ብር ይበላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ላስተዋውቅ የምፈልገው ግን ከዚህኛው ጋር ስም ብቻ የሚጋራ ሌላ ነገር ነው፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት፣ ባንድ ቁጭታ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም ሰውን ለረጅም ጊዜ ዝም የሚያሰኝ አጭር ጌም።

ከአጭሩ እንጀምር። «ፓሴጅ» ይባላል። አሜሪካዊው ጄሰን ሮረር እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራው። ምስሉ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 16 ነጥብ ብቻ ነው። በግራ ጫፍ አንድ ወጣት ቆሟል፤ ወደ ቀኝ ታስኬዱታላችሁ። ጥቂት እንደሄደ አንዲት ሴት ያገኛል። ከነካት አብራው ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ግን ብቻውን ቢሆን ሾልኮ ያልፍባቸው የነበሩ ጠባብ መንገዶች ለሁለት አይበቁም፤ እዚያ ማዶ ያሉትን የሀብት ሣጥኖች እያያችኋቸው ትተዋቸዋላችሁ። ይህን የሚነግራችሁ ጽሑፍ የለም፤ ግድግዳው ሲይዛችሁ ራሳችሁ ትረዱታላችሁ። መጀመሪያ ደብዝዞ የሚታየው ከፊት ያለው መንገድ ነው፤ እያደር የሚደበዝዘው ከኋላ የቀረው ይሆናል። ሁለቱም ያረጃሉ። እሷ ቀድማ ትሞትና በቆመችበት የመቃብር ድንጋይ ይቀራል፤ የሱም እርምጃ ከዚያ ወዲያ ይከብዳል። ጌሙ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ሲሞላ እሱም ይሞታል። ብትቆሙም፣ ብትሮጡም፣ ወደ ኋላ ብትመለሱም አንዲት ደቂቃ አይጨመርላችሁም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስብስቡ ካስገባቸው 14 ጌሞች አንዱ ይህ ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለምን ሆድ ያባባል? ፊልም ላይ ሰው ሲለያይ እናለቅሳለን፤ ነገር ግን ጥፋቱም ምርጫውም የእኛ አይደለም። እዚህ ግን እጃችን አለበት። ሴቲቱን አልፋችሁ ሣጥኑን ብትመርጡ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሠሪው አንዲት ድርጊት ብቻ ይሰጣችኋል፤ ያቺ ድርጊት እጃችሁን ከለመደች በኋላ ትርጉሟን ይለውጥባችኋል።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ በኬን ዎንግ መሪነት ሜልቦርን ከተማ የተሠራው «ፍሎረንስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለስልክ ወጣ፤ በዓመቱም የብሪታኒያውን ባፍታ ሽልማት በሞባይል ጌም ዘርፍ አገኘ። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ምንም አይቀርበትም። ከአያት ባቡር የተሳፈረ ሰው ልደታ እስኪደርስ ሊያጋምሰው፣ ቶሎ የሚጫወት ከሆነም ሊጨርሰው ይችላል። ፍሎረንስ የ25 ዓመት ወጣት ናት፤ ቼሎ ከሚጫወት ክሪሽ ከሚባል ልጅ ጋር ትዋደዳለች። በመጀመሪያው ቀጠሮ እንድትናገር የንግግሯን አረፋ ከቁርጥራጭ መገጣጠም የእናንተ ሥራ ነው። ቁርጥራጩ ብዙ ነው፤ ቃል እንደጠፋው ሰው ትዘገያላችሁ። እየተላመዱ ሲሄዱ ቁርጥራጮቹ ያንሳሉ፣ ወሬው ይቀላል። ከዚያ አንድ ቀን ይጣላሉ፤ የቁርጥራጮቹ ጠርዝ ሹል ይሆናል፣ እናንተም እሱ ሳይቀድማችሁ ለመመለስ ትጣደፋላችሁ። ያን ጊዜ ጣቴ እንዴት እንደፈጠነ አስታውሳለሁ። ክርክሩን ማሸነፍ ፈልጌ ነበር።

ክሪሽ ወደ እሷ ቤት ሲገባ ደግሞ መደርደሪያው ለሁለት ሰው ዕቃ አይበቃም። የማን ጫማ ይቀመጥ? የማን ዕቃ በሣጥን ይግባ? ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ትዳር የጀመረ የኮንዶሚኒየም ሰው ይህን ጥያቄ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ሲለያዩም ዕቃውን የምታሽጉት እናንተው ናችሁ።

ረዘም ያለ የፈለገ «ጆርኒ»ን ይሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስድ ነው። በረሃ ላይ የማታውቁት ሰው በኢንተርኔት ያገኛችኋል። መነጋገር አይቻልም፣ መጎዳዳትም አይቻልም፤ በድምፅ መጠራራትና ተጠግቶ መበረታታት ብቻ ነው ያለው። የአብሮ ተጓዡ ስም የሚታየው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ የወጣበትም ማሽን የጌም ቤቱ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ያው ፕሌይ ስቴሽን ነው።

በአገራችን የጌም ሥራ ተጀምሯል። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ፣ የአያቶቻችንን ገበጣም ወደ ስልክ አምጥቶ አሳይቶናል። ሁለቱም ደስ የሚሉ ናቸው፤ ግን ለፉክክርና ለመዝናናት የተሠሩ ናቸው። ሆድ የሚያባባው ዓይነት ገና ይቀረናል፤ ይህ ደግሞ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ታሪኩ እደጃችን ነው።

የልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች የቆሙበት መሬት ቀድሞ የቀበሌ ቤቶች ሠፈር ነበር፤ በመልሶ ማልማት ፈረሰ። ቡና አጣጪው ተበተነ፤ ከፊሉ ራቅ ወዳለ ሳይት ሄደ፣ አዲስ ሰው ደግሞ በዕጣ መጣ። ከዚህ የአሥር ደቂቃ ጌም ይወጣል። ተጫዋቹ ከፈረሰው ቤት ዕቃ ያነሣል፤ ሊፍት በሌለው ደረጃ መሶቡን፣ ረከቦቱን፣ አልጋውን ያወጣል። ማረፊያው ላይ መሶቡ አይዞርለትም። ቡና ሲፈላ አራት ሲኒ ይቀዳል፤ በየበሩ እየሄደ ያንኳኳል። ማን ይከፍታል? በዓል ሲመጣ የጋራ መገልገያው ኮሚናል ውስጥ ያው ተጫዋች በግ አራጆቹ መሀል ቆሞ ስሙ ሲጠራ ይሰማል።

ለዚህ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። አዳም ለ ዱ የሠራው «ቢትሲ» የሚባል መሣሪያ በነፃ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፤ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፤ አንድ ክፍል 16 በ16 ካሬ ብቻ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባንድ ከሰዓት ደረጃውን፣ በሩንና ሲኒዎቹን ሊሥልበት ይችላል። የሚሞክር ልጅ ካለ ልጫወተው እጓጓለሁ፤ ከእኔ በፊት ግን ከድሮው ልደታ ለመጡት እናቶች ያሳያቸው፤ የትኛው ዕቃ እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።