ብዙ ቻናል በአንድ ማጉያ

ብዙ የቴሌቪዥን ቻናሎች ከአንድ ማማ ሲሰራጩ፣ ግርጌው ባለው የመሣሪያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለየፍሪኩዌንሲው የተለየ ማሰራጫ ይቆማል። ኮምባይነር የተባለው የፊልተሮች ስብስብ ሞገዶቹን አጣምሮ ወደ አንድ አንቴና ይልካቸዋል። ፊልተሮቹ ቦታ ይፈጃሉ፣ ውድ ናቸው፣ ፍሪኩዌንሲ በተለወጠ ቁጥርም መስተካከል አለባቸው። ሁሉንም ቻናል በአንድ ጊዜ የሚያጎላ ሰፊ ባንድ ያለው ማሰራጫ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ዋጋው ግን ማጉያው ላይ ይከፈላል። ማጉያ ወደ አቅሙ ጣሪያ ሲጠጋ የገባለትን ሞገድ ያዛባል፤ ሁለት ቻናሎች አብረው ከገቡበትም ማንም ያልላካቸውን ሞገዶች ይወልዳል። በ474 እና በ482 ሜጋኸርዝ ላይ ያሉ ሁለት ቻናሎች በ466 እና በ490 ላይ ትርፍ ሞገድ ይፈጥራሉ። 490 የሚቀጥለው ቻናል መሃል ነው። እዚያ የራሱ ፕሮግራም ካለ፣ ብክለቱን ለይቶ የሚያወጣ ፊልተር የለም።

ስለዚህ ማጉያው ከአቅሙ በብዙ ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ይደረጋል። እያንዳንዳቸው 1 ኪሎዋት የሆኑ አራት ሞገዶች ድምራቸው 4 ኪሎዋት ነው፤ ጫፎቻቸው በአንድ ቅጽበት ሲገጥሙ ግን 16 ኪሎዋት ይደርሳል። ማጉያው ለዚያች ቅጽበት ሲባል ግዙፍ ይሆናል፤ በቀረው ጊዜ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ሙቀቱን ለማውጣት ደግሞ ሌላ ኤሌክትሪክ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተፈለሰፈውና ዛሬ ማሰራጫዎችን ቆጣቢ ያደረገው የዶኸርቲ ማጉያም በጠባብ ባንድ ላይ ነው ይበልጥ የሚዋጣለት።

ሌላም ስጋት አለ፦ ያ አንድ ማጉያ ከተበላሸ ሁሉም ቻናል አብሮ ይጠፋል።

በጥቂት ዋት ሸለቆ ውስጥ ላለ መንደር ሥርጭት ለሚያቀብል ጣቢያ ሰፊ ባንድ ያለምንም ጥርጥር ያዋጣል፤ የሚባክነው ኤሌክትሪክ ከኮምባይነሩ ወጪ አይበልጥም። በኪሎዋት ደረጃ ግን የተናጠል ማሰራጫዎች ብልጫ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የስዊድኑ የሥርጭት ኩባንያ የቴራኮም ባለሙያዎች ይህን ሚዛን ሊለውጥ የሚችል፣ ዊብ የተባለ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። ጥቂት ቻናሎችን በብርቱ ኃይል ከመላክ ይልቅ፣ 28 ቻናል የሚይዘውን ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ያለ ባንድ በሙሉ እንደ አንድ ሰፊ ሞገድ መጠቀም፤ መረጃውንም በደካማ ኃይል በሚነበብ ኮድ መላክ። በስሌታቸው የማሰራጫ ኃይል 90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማማዎችም ሁሉ በአንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ መሥራት ይችላሉ። በየቤቱ ያሉት ቴሌቪዥኖች ግን ይህን ሞገድ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ተመልካቹ አዲስ መቀበያ መግዛት ይኖርበታል።