የመስታወት ገንዳ ባሕርና ማግኒዚየም

(ምስል፦ ነጭ ቅርፊት የያዘ የውሃ ማሞቂያ፣ በቅርበት)

ተራኪ፦ የባሕር ዓሣና ኮራል በሚኖሩበት የቤት ውስጥ አኳሪየም፣ በማሞቂያውና በፓምፑ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮራል አጽሙን የሚገነባውም ከዚሁ ውሁድ ነው። ቅርፊቱ በወፈረ ቁጥር ለኮራሉ የታሰበው ካልሲየም በዕቃ ላይ ይባክናል፤ ባለቤቱም መጠኑ ማነሱን በመለኪያ አይቶ ሌላ ካልሲየም ቢጨምር፣ አዲሱም እንደ ቀደመው ሊጋገር ይችላል።

የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የማግኒዚየም ማነስ ነው። የላይኛው የባሕር ውሃ ካልሲየምንና ካርቦኔትን ከሚሟሙበት ልክ በላይ የያዘ በመሆኑ ሁልጊዜ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን ጠጣሩ መፈጠር ሲጀምር ማግኒዚየም በካልሲየም ቦታ እየገባ የክሪስታሉን፣ ማለትም በሥርዓት የተደረደረውን ጠጣር፣ አደራደር ስለሚያውክ ዕድገቱ ይገታል። ስለዚህ ማግኒዚየም በዋናነት የሚጨመረው ኮራሉን ለመመገብ ሳይሆን ውሃው ካልሲየሙን ይዞ እንዲቆይ ነው።

(ምስል፦ የጨዋማነት መለኪያ)

ተራኪ፦ ዊሊያም ዲትማር ቻሌንጀር የተባለችው የምርምር መርከብ ያመጣቻቸውን 77 የውሃ ናሙናዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ጥናት፣ ዋና ዋናዎቹ የባሕር ጨዎች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ በየውቅያኖሱ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጧል። ጨዋማነቱ ከሺህ 35 የሆነ ውሃ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም ሲይዝ፣ ጨዋማነቱ ወደ 40 የሚጠጋው ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 1,500 ይይዛል። በመሆኑም ጨዋማነቱ 31 በሆነ ገንዳ ማግኒዚየሙ ከ1,200 በታች ቢገኝ፣ የሚስተካከለው ማግኒዚየሙ ለብቻው ሳይሆን ጨዋማነቱ ነው።

ጨዋማነቱ ትክክል ሆኖ ማግኒዚየሙ ካነሰ፣ 200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ለመጨመር 20 ግራም ማግኒዚየም ያስፈልጋል። ይህም በውስጡ ውሃ ባዘለው የማግኒዚየም ክሎራይድ ጨው ሲሰላ 167 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ፍሰቱ በሚበረታበት ቦታ ቀስ እየተባለ ይፈስሳል፤ በአንድ ቀን ከዚህ በላይ አለመጨመርም ይመረጣል። የኤፕሰም ጨው የሚባለው ማግኒዚየም ሰልፌት ብቻውን ከተዘወተረ ሰልፌቱ ከክሎራይዱ ጋር ያለው ምጣኔ ስለሚዛባ፣ ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ይሻላል። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ውድ ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ ከእነዚሁ ጨዎች የተሠራ ነው።

ኮራል ማግኒዚየምን የሚወስደው ከካልሲየም እጅግ ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ አንዴ የተስተካከለ ውሃ ቶሎ አይጎድልም፤ ዓሣ ብቻ ላለበት ገንዳ ደግሞ ውሃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር በቂ ነው።