ከቁንዝላ እስከ ምሕንድስና ኮሌጅ ደጅ

በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ቁንዝላ የጀልባ ወደብ ከመሆኗም በላይ፥ የጣናን ውሃ ወደ በለስ ሸለቆ የሚወስደው ታላቅ ሥራ በአካባቢዋ ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ሲኖረው፥ ውሃው ተርባይኖቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ይጓዛል። ይህን የመሰለ ሥራ በደጁ የተሠራለት ወጣት መሐንዲስ ለመሆን ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ምኞት ብቻውን የኮሌጅን በር አያስከፍትም።

በሩም ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል የሚሹትን የሚለዩት በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ነው። ከዚህም በኋላ ውድድሩ አያበቃም፤ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት የጋራ በመሆኑ፥ ተማሪው የሚመርጠውን የምሕንድስና ክፍል የሚያገኘው የዚያ ዓመት ውጤቱ ተመዝኖ ነው።

ስለሆነም ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል መጀመር ይገባዋል። የ12ኛው ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ በታችኛው ክፍል ትምህርት ላይ የተገነባ ስለሆነ፥ መሠረቱ የተናጋበት ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ሌሊቱን ሁሉ ቢያነብ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ እንደመሆኑም፥ ቋንቋውን ቸል ያለ ተማሪ የሚያውቀውን ጥያቄ ሳይቀር ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ሥራ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የስቴም ማዕከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ ያለማምዳል። ወደዚያ ለመሄድ ያልቻለ ተማሪም ቢሆን በአቅራቢያው ካለ የመስኖ ፓምፕ ብዙ ይማራል። ፓምፑ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ፥ በሰዓት ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚፈጅ፥ ውሃውንም ስንት ሜትር ከፍ እንደሚያደርግ በደብተሩ እየመዘገበ ቢያሰላ፥ የኃይልንና የብክነትን ትምህርት ከመጽሐፉ ይልቅ አጥርቶ ይረዳል።

እንዲህ ያለው ደብተር በውጭ አገር ለሚያመለክት ተማሪ እጅግ ይጠቅማል። ለምሳሌ በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አመልካቹን የሚመዝነው በኤስ ኤ ቲ ወይም በኤ ሲ ቲ ፈተና፥ በመምህራን የምስክርነት ደብዳቤና ተማሪው ስለ ራሱ በሚጽፈው ጽሑፍ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣውንም ተማሪ ገንዘብ የለህም ብሎ አይመልስም፤ ለተቀበለውም የጎደለውን ይሞላለታል። በዚያ ጽሑፍ ላይ «ምሕንድስና እወዳለሁ» ከማለት ይልቅ፥ የተሠራን ሥራ፥ የተሳሳተን ስሌትና የታረመበትን መንገድ መግለጽ ይበልጣል።

ይህ ጉዳይ የነጋዴውም ጉዳይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቆመላት ባሕር ዳር፥ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት መከፈቱ፥ ፋብሪካና ባለሙያ ተነጣጥለው እንደማይኖሩ የሚያስረዳ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በዐማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ተማሪዎች የትምህርት ጊዜያቸውን አጥተዋል። ዛሬ የታጣው ተማሪ ነገ የሚታጣው መሐንዲስ ነው።

በመሆኑም ጋራዥና ወርክሾፕ ያለው ባለንብረት በዕረፍት ወራት አንድ ሁለት ተማሪዎችን ከባለሙያዎቹ አጠገብ ቢያስቀምጥ፥ ባለሱቁም ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ለአካባቢው ትምህርት ቤት አባዝቶ ቢሰጥ፥ ወጪው ትንሽ ነው። ትርፉን ግን ፓምፑ የተሰበረበት ገበሬና ማሽኑ የቆመበት ባለፋብሪካ በየጊዜው ያገኙታል።